የነገውን ጦርነት የሚያሸንፈው ቶሎ የሚማረው ነው

እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2025 በሩሲያ የአየር ኃይል ጣቢያዎች አቅራቢያ የቆሙ የጭነት መኪኖች ከእንጨት የተሠሩ ትንንሽ ቤቶችን ጭነው ነበር። ከሩቅ በተላከ ትእዛዝ የቤቶቹ ጣሪያ ተከፈተ፤ ከውስጣቸውም ድሮኖች ተራ በተራ እየተነሡ ግዙፍ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወደ ቆሙበት ሜዳ በረሩ። ዩክሬን ለዚህ ዘመቻ 117 ድሮኖች ማሰማራቷንና ዝግጅቱም ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ መፍጀቱን አስታውቃለች። ከተመቱት ጣቢያዎች አንዱ፣ በሳይቤሪያ የሚገኘው ቤላያ፣ ከዩክሬን ድንበር ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ከወደሙት አውሮፕላኖች መካከልም ምርታቸው ከቆመ ብዙ ዓመታት በማለፉ ዛሬ ሊተኩ የማይችሉ ይገኙባቸዋል። ከዚያ ቀን በኋላ በየመገናኛ ብዙኃኑ የተደጋገመው አስተያየት ድሮን የጦርነትን መልክ ለወጠው የሚል ነበር። አስተያየቱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ነገር ይስታል። ትንሿ ድሮን፣ ድሮኖቹ የተመሩበት የሞባይል ኔትወርክ፣ የጭነት መኪናውና የእንጨት ቤቱ ሁሉም ማንም የሚያውቃቸው፣ ገበያ ላይ የሚገኙ ነገሮች ናቸው። አዲሱ ነገር እነዚህን አቀናጅቶ ከጠላት ግምት ውጭ ያዋላቸው ተቋም ነው።

ስለ ወደፊቱ ወታደራዊ ፉክክር ሲነገር ግን ትኩረቱ ሁልጊዜ በመሣሪያው ላይ ነው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ ከድምፅ ፍጥነት አምስት እጥፍ በላይ የሚምዘገዘጉ ሚሳይሎች፣ ኳንተም ኮምፒውተር፣ የሳተላይት መረብ፣ የጨረር መሣሪያ እየተዘረዘሩ፣ ጥያቄው ቀድሞ የሚደርስበት ማን ነው የሚል ይሆናል። ፉክክሩ ወደ ፍጻሜው መስመር የሚደረግ ሩጫ፣ መስመሩን ቀድሞ የረገጠም ዓለምን የሚገዛ ተደርጎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር ከዚህ ይለያል። የነገውን የበላይነት የሚወስነው አዲሱን ነገር ቀድሞ መፍጠር ሳይሆን፣ የተፈጠረውን ቶሎ ወታደሩ እጅ ማድረስ፣ በብዛት ማምረት፣ ጠላት ማርከሻ ባገኘ ቁጥርም ሳይዘገዩ መቀየር ነው። ፈጠራ ይሰረቃል፣ ይገዛል፣ ይቀዳል። የመማር አቅም ግን ከተቋም፣ ከፋብሪካና ከሰው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ በቀላሉ አይቀዳም።

ታሪክ ለዚህ በቂ ማስረጃ አለው። ታንክን ለመጀመሪያ ጊዜ ጦር ሜዳ ላይ ያዋለችው ብሪታንያ ናት፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 1916፣ ቦታው ፈረንሳይ ውስጥ የሶም ግንባር ነበር። ፈረንሳይም ብዙ ሳትቆይ የራሷን ታንኮች አሠለፈች። ሃያ አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1940 የጸደይ ወራት ጀርመን ፈረንሳይን ስትወር፣ የፈረንሳይ ታንኮች በቁጥር ከጀርመን ያነሱ አልነበሩም። ሻር ቤ አንድ የተባለው ከባድ ታንካቸውማ ከአብዛኞቹ የጀርመን ታንኮች የወፈረ ብረት ለብሶ፣ የበለጠ ኃይለኛ መድፍ ታጥቆ ነበር። ፈረንሳይ ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ እጅ ሰጠች። ልዩነቱ ጀርመኖች ታንኮቻቸውን በተለዩ ክፍለ ጦሮች ማሰባሰባቸው፣ በየታንኩ የሬዲዮ መገናኛ ማስገባታቸው፣ ከአየር ኃይል ጋር አቀናጅተው መለማመዳቸውና የግንባር አዛዡ ከላይ ትእዛዝ ሳይጠብቅ እንዲወስን መፍቀዳቸው ነው። ፈረንሳዮች ከታንኮቻቸው አብዛኞቹን ለእግረኛው በየቦታው አከፋፈሏቸው፤ ብዙዎቹም ሬዲዮ አልነበራቸውም። መሣሪያው በሁለቱም ወገን ነበር፤ ስለ መሣሪያው በደንብ ያሰበው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ዛሬ ይህን እውነት ከሁሉ አጉልቶ የሚያሳየው የዩክሬን ግንባር ነው። በዚያ ግንባር ብዙ ሰው የሚገድለው መሣሪያ አራት ትንንሽ ሞተሮች፣ ካሜራ፣ ባትሪና የሬዲዮ መቀበያ የተገጠመለት፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ የአርፒጂ ተተኳሽ የታሰረበት ድሮን ነው። ዋጋው ብዙ ጊዜ ከ400 እስከ 500 ዶላር ነው። አብራሪው ምሽግ ውስጥ ተቀምጦ፣ ዓይኑ ላይ ባጠለቀው መነጽር ድሮኗ የምታየውን እያየ እስከ ዒላማው ያደርሳታል። መጀመሪያ ላይ ይህ ዘዴ የማይበገር መስሎ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ሁለቱም ወገኖች የሬዲዮ ሞገድ የሚያፍኑ መሣሪያዎችን በየመኪናውና በየጉድጓዱ ተከሉ፤ ድሮኖቹም ዒላማቸው አጠገብ ሲደርሱ ከአብራሪው ጋር ያላቸው ግንኙነት እየተቋረጠ ይወድቁ ጀመር። አብራሪዎቹ ወደ ሌላ ሞገድ ቀየሩ፤ አፋኞቹም ተከተሏቸው። ከዚያ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ጥቂት መቶ ሜትሮች ያለ አብራሪ እርዳታ፣ አስቀድሞ የተመረጠላትን ዒላማ በምስል እየተከተለች የምትጨርስ ድሮን መጣች።

ቀጣዩ መላ የመጣው ከሩሲያ በኩል ነው። በሬዲዮ ፋንታ ከጀርባዋ እንደ ፀጉር የቀጠነ የፋይበር ኦፕቲክ ክር እየፈታች የምትበር ድሮን በ2024 በስፋት ቀድማ ያሠለፈችው ሩሲያ ናት። ሬዲዮ ስለማትጠቀም የትኛውም አፋኝ አያቆማትም። ምስሉ እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ጥርት ብሎ ይደርሳል፤ በዋናነት የሚገድባት የተጠቀለለው ክር ርዝመት ነው። ዩክሬናውያን ቶሎ ብለው ራሳቸው ማምረት ጀመሩ። ወዲያውም መልሱ ተገኘ፤ ወደ ግንባር የሚወስዱ መንገዶች በመረብ ተሸፈኑ፣ ወታደሮችም ድሮን መምቻ የአደን ጠመንጃ ያዙ። በአንዳንድ የግንባር መስኮች ሣሩና ዛፉ በተበጣጠሰ የፋይበር ክር ተሸፍኖ ይታያል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ክሩ ከሬዲዮ ይበልጣል የሚል አይደለም። አንድ ብልሃት የሚያስገኘው ብልጫ የሚቆየው ለወራት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ብቻ ነው። ስለዚህ ከግንባር የመጣውን የወታደር ቅሬታ በሳምንታት ውስጥ ወደ ተሻሻለ ዕቃ የሚለውጥ ሠራዊት፣ የተሻለ ዕቃ ይዞ ሁለት ዓመት የግዥ ሂደት የሚጠብቀውን ይቀድማል። ዩክሬን ይህን ተረድታ እ.ኤ.አ. በ2023 ብሬቭ ዋን የተባለ፣ ፈልሳፊዎችን ከሠራዊቱ ጋር የሚያገናኝ ተቋም አቋቋመች፤ በ2024 ደግሞ ለሰው አልባ መሣሪያዎች ራሱን የቻለ የጦር ክፍል አደራጀች። በዚያ ዓመት ወደ ግንባር የላከቻቸው ድሮኖች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ብዛት ራሱ የትምህርቱ ሌላ ገጽ ነው። ኢራን የነደፈችው፣ ሩሲያም ታታርስታን ውስጥ አላቡጋ በተባለ የኢንዱስትሪ ዞን በገፍ የምታመርተው ሻሂድ ድሮን ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር ይገመታል። ፓትሪዮት የተባለው የአሜሪካ አየር መከላከያ የሚተኩሰው አንድ ዘመናዊ ሚሳይል ደግሞ ወደ 4 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል። በጁላይ 2025 ሩሲያ በአንድ ሌሊት ከ700 በላይ ድሮኖች ወደ ዩክሬን ሰማይ ስትልክ፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ፈንጂ ያልያዙ ማታለያዎች ሆነው ሳለ፣ ጥያቄው የማን መሣሪያ ይረቅቃል የሚል አልነበረም። ጥያቄው የማን መጋዘን ቀድሞ ባዶ ይሆናል የሚል ነበር። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር የሆነውም ይኸው ነው። የየመን ሁቲዎች ርካሽ ድሮኖችንና ሚሳይሎችን በንግድ መርከቦች ላይ ሲያዘንቡ፣ የአሜሪካ የጦር መርከቦች እያንዳንዳቸው ሚሊዮን ዶላሮችን የሚያወጡ ሚሳይሎችን ለመተኮስ ተገደዱ። አብዛኛውን ጥቃት አከሸፉት፤ የመርከብ ኩባንያዎችን ግን ማሳመን አልቻሉም። በ2024 መጀመሪያ ወራት በስዊዝ ቦይ የሚያልፈው ንግድ ወደ ግማሽ ወረደ፤ መርከቦችም አፍሪካን በደቡብ ጫፍ መዞር ጀመሩ። ገቢና ወጪ ንግዷን በጅቡቲ በኩል የምታካሂድ አገር ይህን ዋጋ በማጓጓዣና በኢንሹራንስ ክፍያ ትከፍለዋለች። አሜሪካም በኦገስት 2023 ሪፕሊኬተር በተባለ ዕቅድ በሁለት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ርካሽ ሰው አልባ መሣሪያዎችን አሠልፋለሁ ስትል፣ ምጥቀት ያለ ብዛት እንደማይበቃ መቀበሏ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ተስፋ ሰጪ የሚመስል መደምደሚያ ይመጣል፤ ርካሽ ቴክኖሎጂ ደሃውን ከሀብታም አስተካክሏል የሚል። ግማሹ ብቻ እውነት ነው። የ500 ዶላሯ ድሮን ብትበታተን ሞተሯ፣ ባትሪዋ፣ ካሜራዋና የበረራ መቆጣጠሪያዋ በአብዛኛው ከቻይና የመጡ ሆነው ይገኛሉ። የዓለምን የንግድ ድሮን ገበያ አብዛኛውን ድርሻ የያዘው ዲጄአይ የተባለው የሼንዘን ኩባንያ ሲሆን፣ ዩክሬንም ሩሲያም የእሱን ምርት ተጠቅመዋል። ለሞተሮች ማግኔት የሚያስፈልጉትን ብርቅዬ ማዕድናት ከዓለም ምርት ወደ 90 በመቶ የሚጠጋውን የምታጣራውም ቻይና ናት፤ በኤፕሪል 2025 ከእነዚህ ማዕድናት በሰባቱ ላይ የወጪ ንግድ ቁጥጥር ስትጥል የምዕራባውያን ፋብሪካዎች ወዲያው ተጨነቁ። በሌላው ወገን አሜሪካ በኦክቶበር 2022 የረቀቁ ቺፖችና የማምረቻ መሣሪያዎቻቸው ወደ ቻይና እንዳይሸጡ ከልክላለች። እጅግ የረቀቁትን ቺፖች ለማተም የሚያስፈልገውን ማሽን የሚሠራው በዓለም አንድ ኩባንያ ብቻ ነው፤ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል። ቺፖቹን ራሳቸውን ደግሞ በአብዛኛው የምታመርተው ታይዋን ናት። ስለዚህ ቶሎ የመማር አቅም ሲባል ብልህ ወታደር ማለት ብቻ አይደለም፤ ዕቃው ሲከለከል የት እንደሚገኝ፣ ሲጠፋም በምን እንደሚተካ አስቀድሞ ማወቅን ይጨምራል።

ለዚህ ክርክር ጠንካራ ተቃውሞ አለ። በጁን 2025 እስራኤልና ኢራን ለ12 ቀናት ሲዋጉ፣ በርካሽ ድሮን ምርት ስሟ የገነነው ኢራን ሰማይዋን ማስከበር አልቻለችም። የእስራኤል ተዋጊ ጄቶች በኢራን ሰማይ ላይ በነጻነት በረሩ፤ ኢራን ከላከቻቸው ድሮኖች ዒላማቸውን የመቱት እጅግ ጥቂት ነበሩ። በጁን 22 ደግሞ ሰባት የአሜሪካ ቢ-2 አውሮፕላኖች በፎርዶና በናታንዝ የኑክሌር ተቋማት ላይ 14 ግዙፍ ምሽግ ሰባሪ ቦምቦችን ጣሉ፤ ያን ሊያደርግ የሚችል ሌላ አገር የለም። ታዲያ ውዱና የረቀቀው መሣሪያ አሁንም የበላይ አይደለምን? ተቃውሞው ተገቢ ነው፤ ርካሽ ዕቃ ውዱን ከጥቅም ውጭ አድርጓል የሚለውን ጥድፊያ ያርማል። ነገር ግን የዚያን ጦርነት የመጀመሪያ ሰዓታት ያየ ሰው፣ እስራኤል ከጄቶቿ ጎን አስቀድማ በድብቅ ኢራን ውስጥ ያስገባቻቸው ድሮኖች የአየር መከላከያዎችንና የሚሳይል ማስወንጨፊያዎችን ሲመቱ አይቷል። ለጄቶቹ መንገድ የጠረገላቸው የዓመታት ስለላ፣ ዝግጅትና ከቀደሙት ግጭቶች የተወሰደ ትምህርት ነው። ኢራን ግን በኤፕሪልና በኦክቶበር 2024 ካደረገቻቸው ጥቃቶችና ከተሰጣት ምላሽ ስለ ራሷ መከላከያ የተማረችውን ሥራ ላይ አላዋለችም። ውዱና ርካሹ ተደጋግፈው ሲሠሩ ያሸነፉት፣ የሚያቀናጃቸው ተቋም ስለነበረ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሰው ሠራሽ አስተውሎት ይነሣል። ይህ ቴክኖሎጂ እንደ ቀደሙት አይደለም፣ ራሱን የሚያሻሽል በመሆኑ ቀድሞ የደረሰበት ሌላው ሊደርስበት የማይችል ርቀት ይሄዳል የሚሉ አሉ። የሩሲያው ፕሬዚዳንት ፑቲን በ2017 ለተማሪዎች ባደረጉት ንግግር በዚህ መስክ የሚመራ ዓለምን እንደሚገዛ መናገራቸው ይታወሳል። እንዲህ ዓይነት ነገር ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ብሎ መማል አይቻልም፤ እስካሁን ያለው ማስረጃ ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ከሁሉ የገነነው ምሥጢር፣ የአቶም ቦምብ፣ በአሜሪካ እጅ ብቻ የቆየው ከ1945 እስከ 1949 ለአራት ዓመት ነው። በጃንዋሪ 2025 ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ኩባንያ የቺፕ እገዳው እያለ ከአሜሪካ ምርጥ ሞዴሎች ጋር የሚፎካከር ሥራ ይዞ ወጣ። የኮምፒውተር ቀመር ድንበር አያውቅም። ድንበር የሚያውቁት ሌሎቹ ናቸው፤ ቀመሩን የሚያሠለጥነው የጦር ሜዳ መረጃ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው ኤሌክትሪክ፣ ማሽኑ ያለውን መቼ ማመን መቼ መጠርጠር እንዳለበት የሚያውቅ መኮንን። አዛዡ መጥፎ ዜና መስማት በማይፈልግበት ጦር ውስጥ ከሁሉ የላቀው ማሽን አዛዡ የሚወደውን ውሸት በፍጥነት ከማቅረብ በቀር ሌላ ጥቅም አይሰጥም።

ፍጥነትን ማወደስ ግን አደጋ አለው፤ ይህም ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ነው። ፈጣኑ ካሸነፈ፣ የሚቀጥለው እርምጃ የሚያዘገየውን ሰው ከመግደል ውሳኔ ማውጣት አይሆንምን? እዚህ ላይ ሁለት ፍጥነቶችን መለየት ያስፈልጋል። ቶሎ መማር አንድ ነገር ነው፣ ቶሎ መተኮስ ሌላ ነው። በሴፕቴምበር 1983 የሶቪየት የማስጠንቀቂያ ሥርዓት ከአሜሪካ ሚሳይሎች ተተኩሰዋል ብሎ ሲያስታውቅ፣ ተረኛው መኮንን ስታኒስላቭ ፔትሮቭ የሐሰት ማንቂያ ነው ብለው ወሰኑ። ትክክል ነበሩ። ማሽኑ ፈጥኖ ነበር፤ ዓለምን ከጥፋት የጠበቀው ግን ቆም ብሎ የማሰብ አቅም ነው። የአሜሪካና የቻይና መሪዎች በኖቬምበር 2024 ሊማ ላይ ሲገናኙ ኑክሌር መሣሪያን የመጠቀም ውሳኔ በሰው እጅ መቆየት እንዳለበት መስማማታቸው ይህን እውነት መቀበል ነው። የመንግሥታቱ ድርጅት ዋና ጸሐፊም ሰው ሳይቆጣጠራቸው የሚገድሉ መሣሪያዎችን የሚከለክል አስገዳጅ ስምምነት እስከ 2026 እንዲደረስ ጠይቀዋል።

በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ የመናገር የተለየ መብት አላት። ኢጣሊያ የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 የጄኔቫ ስምምነት ፈርማና አጽድቃ ሳለ፣ በ1935 እና በ1936 ያንኑ መርዝ ከአውሮፕላን በሠራዊታችንና በገበሬው ላይ አዝንባለች። ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለዓለም የተናገሩት ስለዚህ ነው። አስከባሪ የሌለው ሕግ ምን ያህል እንደሚጠቅም በደማችን አውቀናል። ሕግ ከመሣሪያው እኩል ካልተማረ፣ ደርሶ የሚያገኘው ሬሳ ነው።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ሩቅ የኃያላን ወሬ አይደለም። በሜይ 2025 ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ሰዎች በተጠለሉባት ፖርት ሱዳን ላይ ድሮኖች አየር ማረፊያና የነዳጅ ማከማቻ አጥቅተዋል። በአገራችንም የሰሜኑ ጦርነት ድሮን ጥቅም ላይ የዋለበትና ሰላማዊ ሰዎች ጭምር የሞቱበት ነው። በማርች 2025 ስካይዊን ኤሮኖቲክስ የተባለ የድሮን ማምረቻ ተመርቋል። ፋብሪካ መኖሩ በጎ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ታሪካችን በዚህ ላይ ሊነግረን የሚችለው ነገር አለ። ዓፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አስሠሩ፤ ያን ግዙፍ መድፍ መንገድ እያስጠረጉ እስከ መቅደላ አስጎተቱ። ራእያቸው ከዘመናቸው የቀደመ ነበር። በ1868 የመጣው የብሪታንያው ጄኔራል ናፒየር ጦር ግን ከኋላው እየተጫነ የሚተኮስ አዲስ ጠመንጃ ብቻ አልነበረም የያዘው፤ ዙላ ላይ ወደብ ሠርቶ፣ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ፣ የባሕር ውኃ አጣርቶ ነበር የወጣው። ከሴባስቶፖል ጀርባ ግን እሱን የሚመስል ሥርዓት አልነበረም፤ ንጉሡ ከሞቱ በኋላም ጋፋት አልቀጠለም።

እንግዲህ ዛሬ የምንጠይቀው ጥያቄ ስንት ድሮን አለን የሚል ብቻ መሆን የለበትም። የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ በየዓመቱ ስንት እናፈራለን? በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪው ሰርኪዩት በእጁ ይሠራል ወይስ በሰሌዳ ላይ ብቻ ያየዋል? ክፍሉ ከውጭ ቢቀር አገር ውስጥ ማን ይተካዋል? ያልሠራ ዕቃ አልሠራም ብሎ ለበላዩ የሚያሳውቅ ባለሙያ ይመሰገናል ወይስ ይባረራል? መሣሪያው በሰላማዊ ሰው ላይ ሲውል ተጠያቂ የሚያደርግ ሕግና ፍርድ ቤት አለን? እነዚህ ጥያቄዎች ከመሣሪያ ግዥ ያነሰ ገንዘብ፣ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። የተገዛ መሣሪያ በጥቂት ዓመት ውስጥ ያረጃል፤ ጠላትም ማርከሻውን ያገኛል። የሚቀረው ለሚቀጥለው መሣሪያ የሚዘጋጀው ሰው ነው። መንግሥት የመከላከያ በጀት ሲመድብ ከመሣሪያው ይልቅ ለዚህ ሰው ትምህርትና ለሚሠራበት ተቋም ቅድሚያ ይስጥ፤ ምክር ቤቱና ዜጋውም ይህን መጠየቅ አያቁሙ።